ባዶ ፎርም ላይ የምትበራ ቀስት፦ የአንድ የኅትመት ሱቅ ፕሮግራም ግምገማ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የኅትመት ሱቅ አለኝ። የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ማመልከቻ መተየብ፣ ፎቶ ኮፒ፤ የመጣውን እንሠራለን። ትእዛዝ የምንቀበለው ለዓመታት በደብተር ነበር። አሁን በኮምፒውተር ፕሮግራም ሆኗል። ፕሮግራሙን የሠራው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። በፍላሽ ይዞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ይጭናል። የእሱንም የፕሮግራሙንም ስም አልጠራም። ገና እያስተካከለው ነው፤ ባላለቀ ሥራ ላይ ስም መለጠፍ ደስ አይለኝም። ግን የሙያ ጓደኞቼ "እንዴት ነው? ይገዛ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፍ።

ጥሩ ጥሩውን ቶሎ ልበል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። አራት ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ ቶሎ ይከፈታል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ጳጉሜንንም ያውቃል። ቀብድና ቀሪ ሂሳብ ራሱ ያሰላል። ማታ ላይ የቀኑን ገቢ ደምሮ ያሳያል። በዚህ ሁሉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ይሠራል።

ነገሩ ያለው መጻፊያ ሳጥኖቹ ላይ ነው። በተለይ "የትእዛዝ ዝርዝር" የሚለው ትልቁ ሳጥን ላይ። የሠርግ ካርድ ጽሑፍ በሙሉ የሚገባው እዚያ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ የሠርግ ካርድ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንዱ በአማርኛ ያዛል፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በሶማልኛ። ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የሚፈልግም አለ። የማን ስም ይቅደም የሚለው ክርክር ጠረጴዛዬ ፊት ነው የሚካሄደው። አክስት "ይቺን አውጪያት" ትላለች። አውጥቼ ሳልጨርስ አጎት "አይ አይ፣ እንደነበረው ይሁን" ይላል። በዚህ ሰዓት እጄ የሚሄደው መጨረሻ ያደረግኩትን ወደሚመልሰው ቁልፍ፣ ወደ ኮንትሮል ዜድ ነው። በጥርና በሚያዝያ ከየትኛውም ቁልፍ በላይ የምጫነው እሱን ሳይሆን አይቀርም። በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ የባነሩ ጣጣ ይጨመራል።

ስለዚህ ፕሮግራም ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የሪፖርቱን ግራፍ አይደለም። መጻፊያ ሳጥኑ የጻፍኩትን መመለስ ይችላል ወይ? መመለስ ሲችልና ሳይችል ለይቶ በትክክል ይነግረኛል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። የማይመልስ ሳጥን መሆኑን ካወቅኩ ተጠንቅቄ እጽፋለሁ። የሚመልስ መስሎ የማይመልስ ግን ጉድ ያደርገኛል።

ልጁ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ በረድ ብሎ ሱቆች መልሰው በሚከፈቱበት ሰዓት። ስለ ሪፖርቱ ማስረዳት ሲጀምር አስቆምኩትና አዲስ የትእዛዝ ፎርም ከፈትኩ።

"አቦ፣ አንቺ ደግሞ! ኮንትሮል ዜድ አይተሽ ነው እንዴ ፕሮግራም የምትገዢው?" አለኝ እየሳቀ።

"ሌላ ምን አይቼ ልግዛ?" አልኩት።

ፎርሙ ባዶ ነው። አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። ከላይ ወደ ግራ የታጠፈች ቀስት አለች፤ የመመለሻዋ ናት። ቦግ ብላ በርታለች። ባዶ ፎርም ላይ ምን ልትመልስልኝ ነው? ተጫንኳት። ምንም። ከዚያ ዝርዝር ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ራይት ክሊክ አደረግኩ። እዚያ የሚመጣው የዊንዶውስ የራሱ ሜኑ ነው። እዚያ ላይ መመለሻው ደብዝዟል። ልክ ነው፤ የሚመለስ ነገር የለማ። አንድ ሳጥን፣ ሁለት መልስ። ቀስቷ ሞልቶ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እንደሚል የታክሲ ረዳት ሆነችብኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ውስጥ ልግባ። ኮሌጅ ዳታቤዝ ስማር ሲ ሻርፕ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነካ ነካ አድርጌ ስለነበር ነገሩ አይከብደኝም። የዊንዶውስ መጻፊያ ሳጥን ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀ ነው። ፕሮግራሙ "ኢኤም ካንአንዱ" የሚባል መልእክት ይልክለታል። ሳጥኑ የሚመልሰው ነገር ከሌለው ዜሮ፣ ካለው ደግሞ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ይመልሳል። በሲ ሻርፕ ሲሠራ ይሄው ነገር "ካንአንዱ" ተብሎ ቴክስትቦክሱ (መጻፊያ ሳጥኑ) ላይ ተቀምጧል፤ እውነት ወይም ሐሰት ይላል። ራይት ክሊክ ስናደርግ የሚመጣው ሜኑ በትክክል የሚደበዝዘው ሳጥኑ የራሱን ሁኔታ ስለሚያውቅ ነው። ቀስቷ ግን የልጁ ሥራ ናት። እሱ ካልጠየቀላት ራሷ አታውቅም። አልጠየቀላትም። ሲሠራት አብርቷታል፣ በዚያው ቀርታለች።

"ትንሽ ነገር ናት፣ በኋላ አስተካክላታለሁ" አለ። እሺ ብዬ አስጫንኩት። ትንሽ አለመሆኗ የታወቀው ሥራ ስንጀምር ነው።

የስልክ ቁጥር ሳጥን አለ። ቁጥሩን በሰረዝ ከፋፍሎ ቦታ ቦታውን የሚያሲዝ፣ ፊደል የማይቀበል ዓይነት። አንድ አባት የልጃቸውን የሠርግ ካርድ ሊያዙ መጡ። ጽሑፉን ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። የባለቤታቸውን ሙሉ ስም በቴሌግራም ልከውልኝ ስለነበር እሱን ኮፒ አድርጌ መጨረሻው ላይ ለጠፍኩ። ወደ ስልኩ ወረድኩ። አንድ ቁጥር ሰጡኝ። ጻፍኩት። "እሱስ ተዘግቷል፣ ሌላ ልስጥሽ" አሉ። ሌላውን ጻፍኩ። ትንሽ አሰብ አድርገው "የመጀመሪያው ይሻላል መሰለኝ" አሉ። ኮንትሮል ዜድ ተጫንኩ። ዝም። ቀና ስል ቀስቷ በርታለች። እሷን ተጫንኩ። የስልኩ ሳጥን ንቅንቅ አላለም። ቁጥሩን እንደገና ጠይቄ በእጄ ጻፍኩት።

ቀስቷ ግን ሥራ ሠርታ ነበር። ዝርዝር ሳጥኑ ውስጥ ገብታ መጨረሻ የለጠፍኩትን አንስታዋለች። ፎርሙ ወደ ታች ስለወረደ ሳጥኑ በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ላይ አይታይም። ያገኘነው ለእርማት ባተምነው ወረቀት ላይ ነው። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና "የባለቤቴ ስም የታለ?" አሉ። ካርዱ ታትሞ ቤታቸው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማን ያስታርቃቸው ነበር?

ልጁን ደውዬ ጠራሁት። ባጃጅ ይዞ ከሳቢያን መጣ። በዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ሸጦ የጠፋ ሰው አይደለም። ኮዱን አብረን ከፈትን። ችግሩ ሁለት ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው የስልኩ ሳጥን ነው። የተጠቀመው "ማስክድ ቴክስትቦክስ" የሚባለውን ነው። ይህ ሳጥን ሲፈጠርም መመለሻ የለውም። ካንአንዱ ብላችሁ ብትጠይቁት ምንጊዜም ሐሰት ነው የሚለው። ኮንትሮል ዜድ ዝም ያለኝ ለዚህ ነው። ሳጥኑ ስለራሱ ዋሽቶ አያውቅም፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

ሁለተኛው ቀስቷ ናት። ልጁ የሠራት በተራ በተን ነው። ተራ በተን ሲጫኑት ኩርሰሩን ከነበረበት ሳጥን ነጥቆ ለራሱ ይወስዳል። ፕሮግራሙ "አሁን ሰውየው የት ሳጥን ውስጥ ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ "በተኗ ላይ" ይሆናል። ልጁ ይህን ሲያይ ግራ ገባውና አቋራጭ ያዘ። ቀስቷን በቀጥታ ከዝርዝር ሳጥኑ ጋር አሰራት። ከዚያ ወዲህ የትም ብትሆኑ፣ ቀስቷን ስትጫኑ የሚመለሰው የዝርዝር ሳጥኑ ነገር ነው። ስም ሳጥን ውስጥ ሁኑ፣ ቀብድ ሳጥን ውስጥ ሁኑ፣ ግድ የላትም።

"ወላሂ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት ብዬ ነው" አለ።

መፍትሔው ብዙ አልፈጀም። በተኗን "ቱልስትሪፕ" በሚባለው የመሣሪያ መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ በተን ቀየራት። የቱልስትሪፕ በተኖች ኩርሰሩን አይነጥቁም። ስለዚህ ሲጫኗት ፕሮግራሙ ሰውየው የነበረበትን ሳጥን ያገኛል፣ ካንአንዱ ብሎ ይጠይቀዋል፣ እሺ ካለ ይመልሳል። መቼ ይጠየቅ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ከላይ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ሜኑ ሲከፈት አንዴ ቢጠየቅ ይበቃዋል፤ እስኪከፈት ድረስ ማን ያየዋል? ቀስት ግን ሁልጊዜ ዓይን ፊት ናት። ፊደል በተጻፈ ቁጥር፣ ሳጥን በተቀየረ ቁጥር መታደስ አለባት። ልጁ በመጨረሻ "አይድል" የሚባለው ላይ አደረጋት፤ ፕሮግራሙ ሥራ ፈታ ባለ ቁጥር እየጠየቀ ያበራታል ወይ ያደበዝዛታል። በአሮጌው ኮምፒውተሬ እንኳ አልከበደውም።

አሁን የስልኩ ሳጥን ውስጥ ስገባ ቀስቷ ትደበዝዛለች። መመለስ እንደማይቻል ገና ሳልጫናት አውቃለሁ። ይህቺ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ የአማርኛችን ነው። የዊንዶውስ ተራው መጻፊያ ሳጥን የሚያስታውሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ኮንትሮል ዜድ ስትሉ ይመልሳል፤ ደግማችሁ ስትሉ የመለሰውን ይመልሰዋል። ወደ ኋላ ሁለትና ሦስት እርምጃ መሄድ የለም። የድሮው ኖትፓድ ለስንት ዓመት የኖረው በዚሁ ነው። ብዙ እርምጃ መመለስ የጀመረው ከዊንዶውስ 11ዱ አዲስ ኖትፓድ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ለሙከራ ወጥቶ በ2022 ለሰው የደረሰ ነው።

አንድ እርምጃ በላቲን ለሚጽፍ ሰው ያን ያህል አይጎዳም ይሆናል። ሳያቋርጥ የጻፈው ሁሉ እንደ አንድ እርምጃ ይቆጠርለታል። ኦሮምኛ ወይ ሶማልኛ ካርድ ስጽፍ ኮንትሮል ዜድ ብል መስመሩ እንዳለ ይነሣል። በፊደል ሲሆን ግን ሌላ ነው። "ለ"ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ነው የምንነካው። መጀመሪያ "ል" ይመጣል፣ ከዚያ ወደ "ለ" ይቀየራል። ኮምፒውተር ፊደሎችን በቁጥር በሚለይበት በዩኒኮድ ደግሞ ሁለቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ እንደ ኪማን ያለው የኪቦርድ ፕሮግራም "ል"ን አጥፍቶ በቦታው "ለ"ን ያስገባል። እኛ አንድ ፊደል ጻፍን እንላለን። ሳጥኑ የሚያየው ማጥፋትና መጻፍ ነው። አንድ እርምጃ ብቻ የሚያስታውስ ሳጥን ከሆነ የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ቅያሪ ነው። አንድ ሙሉ ስም እንዲመለስልኝ ኮንትሮል ዜድ ብል አንዲት ፊደል ነክቶ ያቆማል። ቀስቷ እያበራች ነው፤ አልዋሸችም። የምትመልሰው ነገር ግን ለምንም አይሆንም።

ይህን ለልጁ ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየ። እሱ ፕሮግራሙን ሲሞክር የኖረው በእንግሊዝኛ ነበር። ለአማርኛ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፈ ይሞክር ብዬ በትልቁ ጽፌ ከዚራ ባቡር ጣቢያው ፊት ባነር ብሰቅል ደስ ይለኝ ነበር። ባነር ለእኔ በነጻ ነው።

የዝርዝር ሳጥኑን በ"ሪችቴክስትቦክስ" ቀየረው። ይሄኛው ብዙ እርምጃ ያስታውሳል፤ ካልነኩት መጀመሪያ የተቀመጠለት ጣሪያ 100 ነው። ወደ ፊት መልሶ መሄድም ይችላል፤ ለእሱም "ካንሪዱ" አለው። ቀጥሎ የሚመለሰው ነገር ጽሑፍ ይሁን፣ ማጥፋት ይሁን፣ መለጠፍ ይሁን ዓይነቱንም ይናገራል። ልጁ ማውሱን ቀስቷ ላይ ሳሳርፍ ይህን በአማርኛ እንዲያሳየኝ አድርጎታል። "መለጠፍን ይመልሳል" ይላል። የሙሽራዋ እናት ስም ጊዜ ይሄ ቢኖር ኖሮ!

በፊደል ስጽፍ አሁንም ትንንሽ እርምጃ ነው፤ አንድ ስም ለመመለስ ደጋግሜ እጫናለሁ። ግን ይደርሳል። መድረሱ ነው ቁም ነገሩ።

አዲሱ ሳጥን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ከዎርድ ኮፒ አድርጌ ስለጥፍ ቀለሙንና የፊደሉን መጠን ጭምር ይዞ ይገባል። አንዷ ደንበኛ የላከችው ጽሑፍ ሐምራዊ ሆኖ ገባ፤ ቀጥሎ የጻፍኩትም ሐምራዊ ሆነ። እስኪስተካከል ድረስ መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፌ ከዚያ አመጣዋለሁ። አድካሚ ነው፣ ግን አያሳብድም።

የደንበኛ ስም ሳጥኑ ሌላ ታሪክ አለው። የቆየ ደንበኛን ከዝርዝር ስመርጥ ፕሮግራሙ ስሙን ራሱ ይሞላል። በመጀመሪያው ሥሪት ከዚያ በኋላ ኮንትሮል ዜድ አይሠራም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮግራም ራሱ ሳጥኑን ሲሞላ ሳጥኑ ያስታውስ የነበረውን ይረሳል። ልጁ ቴክስትቦክሱ ላይ ያለውን "ፔስት" የሚለውን ትእዛዝ አገኘ። ጽሑፉን በእሱ ሲያስገቡት የድሮው አይረሳም። በጣም ደስ አለውና ሁሉም ሳጥን ላይ አደረገው። ደስታው ትንሽ በዛ።

በማግሥቱ አዲስ ፎርም ከፍቼ ስም ሳጥኑ ላይ ኮንትሮል ዜድ ብል የማን ስም ብቅ ይላል? ትናንት ማታ ያዘዘው ሰውዬ። ፎርሙ ለአዲስ ትእዛዝ ሲጸዳም በዚያው መንገድ ስለሚጸዳ የበፊቱ ደንበኛ ነገር ከሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ድሬ ሰፊ ከተማ አይደለችም። ማን መቼ እንደሚዳር በእኔ ሱቅ በኩል እንዲወራ አልፈልግም። አዲስ ትእዛዝ ሲከፈት ሳጥኖቹ ሁሉንም ይርሱ አልኩት። "ክሊርአንዱ" የሚባል ትእዛዝ ለዚሁ ነው ያለው። ጨመረው። አሁን አዲስ ፎርም ስከፍት ቀስቷ ደብዛዛ ናት። ፎርሙ በትክክል መጽዳቱን የማውቀው በእሷ ሆኗል።

ለፕሮግራም ሠሪዎች በመንገዴ አንድ ነገር ልጣል። ፕሮግራም የምትሠሩበት መሣሪያ ሁሉ እኩል መመለሻ ይዞ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ጃቫ ስዊንግ ላይ ያለው ጄቴክስትፊልድ "አንዱማኔጀር" የሚባለውን እናንተ ካልጨመራችሁለት ምንም አይመልስም። ጂቲኬ ለመጻፊያ ሳጥኖቹ መመለሻ የሰጠው በ4ኛው ሥሪት ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው የወጣው። ኪውት ላይ ያለው ኪውላይንኤዲት ደግሞ ይመልሳል፣ ይጠየቃልም፤ ግን "ሴትቴክስት" ብላችሁ ከሞላችሁት እንደ ዊንዶውሱ ያስታወሰውን ይረሳል።

እንግዲህ ይገዛ ወይ? ይገዛ። ለኅትመት ሱቅ ከደብተር በብዙ ይሻላል፤ ሠሪውም ሲጠሩት ይመጣል። ግን ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ እያለ ባዶ ፎርም ክፈቱ። ቀስቷ ደብዛዛ መሆኗን እዩ። በአማርኛ አንድ ስም ጻፉ፣ ትብራ። መልሱት። ሌላ ሳጥን ውስጥ ግቡና ቀስቷ የምትነካው ያላችሁበትን ሳጥን እንጂ ሌላውን አለመሆኑን አረጋግጡ። አዲሱ ሥሪት ከሆነ ሁሉም ያልፋል። አሮጌው ፍላሽ አሁንም መጋላ አካባቢ እየዞረ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱን አታስጭኑ።

የስልኩ ሳጥን እንደነበረ ነው። በተራ ቴክስትቦክስ ይቀየርልኝ ብያለሁ፤ ሰረዙ ቢቀር ምንም አይደለም። ረዳቴ ለምትሠራበት ለሁለተኛው ኮምፒውተር ልጁ ግማሽ ዋጋ ጠይቆኛል። ሳጥኑ ሲቀየር እከፍላለሁ አልኩት። "በዚህ ሳምንት" ብሎኛል። የትኛውን ሳምንት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።